አንዱ ፍጡር ሳይለወጥ ዝርያው እንዴት ይለወጣል? የተፈጥሯዊ ምርጫ አሠራር

ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲነሣ ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት አንድ እንስሳ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ዓይነት እንስሳ ሲቀየር ነው። ቀጭኔዋ ከፍ ያለውን ቅጠል ለመድረስ ስትንጠራራ ኖራ አንገቷ ረዘመ፣ ልጆቿም የረዘመውን አንገት ወረሱ የሚለው አተራረክ የዚሁ አስተሳሰብ የታወቀ ምሳሌ ነው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዣን ባቲስት ላማርክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በዘመኑ ከነበረው ዕውቀት አንጻርም የሚናቅ ሐሳብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሕያዋን የሚለወጡት በዚህ መንገድ አይደለም። አንድ እንስሳ ሲወለድ፣ አንድ ተክልም ሲበቅል ከወላጆቹ ያገኘውን ዘረመል ይዞ ይኖራል፤ እሱኑ እንደያዘም ይሞታል። በትውልዶች ሂደት የሚለወጠው በአንድ አካባቢ አብሮ የሚኖርና እርስ በርሱ የሚራባ የአንድ ዝርያ ስብስብ ነው፤ ተለወጠ የሚባለውም በዘር የሚተላለፍ አንድ ባሕርይ ከበፊቱ በበለጡ ወይም ባነሱ አባላቱ ላይ ሲገኝ ነው። ይህን ነጥብ በሚገባ የያዘ አንባቢ የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ይህን የሳተ ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተአምር ወሬ ሊመስለው ይችላል።

ተፈጥሯዊ ምርጫ እንዲካሄድ መሟላት ያለባቸው ነገሮች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ሦስቱንም ለማየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የአንድ ዝርያ አባላት በቁመት፣ በቀለም፣ በሽታን በመቋቋም አቅምና በሌላም ብዙ ነገር ይለያያሉ። ከእነዚህ ልዩነቶች ቢያንስ አንዳንዶቹ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ከሚወለዱትም ውስጥ አድገውና ተራብተው ዘር የሚተኩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ አንዲት የኮድ ዓሣ በአንድ የመራቢያ ወቅት ሚሊዮኖች እንቁላሎችን ልትጥል ትችላለች፣ ባሕሩ ግን እስከ ዛሬ በኮድ ዓሣ አልተሞላም። እንግዲህ አንድ የሚወረስ ልዩነት ባለቤቱ ልጆችን የመተካት ዕድሉን በጥቂቱም ቢሆን ከፍ የሚያደርግለት ከሆነ፣ በሚቀጥለው ትውልድ ውስጥ የዚያ ልዩነት ባለቤቶች ድርሻ ይጨምራል፤ ይህም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲደጋገም ስብስቡ መልኩን ይለውጣል። ምርጫ ተባለ እንጂ መራጭ የለበትም፤ ቁጭ ብሎ የሚመዝን፣ የወደፊቱንም የሚያቅድ የለም። የሚመገቡት ነገር፣ ጠላቶቻቸው፣ የአየሩ ጠባይና በሽታው በየትውልዱ አንዱን ያስቀራሉ፣ ሌላውን ያሳልፋሉ።

ይህን ሐሳብ ሁለት እንግሊዛውያን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ደርሰውበታል። ቻርልስ ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢግል በተባለችው መርከብ ዓለምን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ ሐሳቡን በማስታወሻው እያሰፋ፣ ማስረጃም እየሰበሰበ ሃያ ዓመት ያህል ሳያሳትመው ቆየ። በ1858 ግን ከማሌይ ደሴቶች አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለ ተመራማሪ የላከው ጽሑፍ ደረሰው፤ በውስጡ የነበረውም የራሱ የዳርዊን ሐሳብ ነበር ማለት ይቻላል። የሁለቱም ጽሑፎች በሐምሌ 1 ቀን 1858 ለንደን በሚገኘው የሊንያን ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ላይ ተነበቡ። ሁለቱም ደራሲዎች በስብሰባው ላይ አልነበሩም። ዳርዊን ሐሳቡን በሰፊው ያብራራበት መጽሐፍ በማግሥቱ ዓመት ወጣ።

በዳርዊን ማብራሪያ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ክፍተት ነበር፤ ውርስ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። በዘመኑ ሰፍኖ የነበረው ግምት የሁለቱ ወላጆች ባሕርያት በልጁ ላይ ይዋሐዳሉ የሚል ሲሆን፣ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ተፈጥሯዊ ምርጫ ብዙ ርቀት ሊሄድ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ጠብታ ጥቁር ቀለም በበርሜል ነጭ ቀለም ውስጥ ገብቶ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ በአንድ ፍጡር ላይ ብቅ ያለ ጠቃሚ ልዩነትም በጥቂት ትውልዶች ውስጥ ተበርዞ በጠፋ ነበር። መልሱ በ1866 ታትሞ ወጥቶ ነበር፤ ያስተዋለው ሰው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኩሴ ሐምራዊ አበባ ያለውን የአተር ተክል ነጭ አበባ ካለው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ አበባ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ፤ እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲራቡ ግን ነጩ አበባ ከአራት በአንዱ ገደማ ላይ ምንም ሳይደበዝዝ ተመልሶ መጣ። የውርስ መሠረቱ፣ ዛሬ ዘረመል የምንለው ማለት ነው፣ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል እንጂ አይበረዝም። የሜንዴል ሥራ ትኩረት ያገኘው በ1900 ሲሆን፣ ዳርዊን ከሞተ 18 ዓመት አልፎት ነበር።

ልዩነቱ ራሱ ከየት ይመጣል? ዘረመል የተጻፈበት ዲኤንኤ አራት ዓይነት ኬሚካላዊ ፊደላት ያሉት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ የሰው ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ የሚወርሰው ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ነው። ህዋስ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ግልባጩ በሚያስደንቅ ደረጃ ጥንቁቅ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። እያንዳንዱ ሕፃን በሁለቱም ወላጆቹ ላይ ያልነበሩ በርካታ አስር አዳዲስ የፊደል ለውጦችን ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ ምንም ጥቅምም ጉዳትም የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ይጎዳሉ፤ በጣም ጥቂቶቹ በአንድ የተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ይጠቅማሉ። እነዚህ ለውጦች ሚውቴሽን ይባላሉ። በወሲብ በሚራቡት ዘንድ ደግሞ የሁለቱ ወላጆች ዘረመል በየልደቱ እንደ አዲስ ስለሚደባለቅ፣ ያሉት ልዩነቶች ማለቂያ በሌለው ቅንብር ይቀርባሉ።

ሚውቴሽን በዘፈቀደ ይከሰታል ሲባል ትርጉሙ በጠባቡ መወሰድ አለበት። አንዳንድ የዲኤንኤ ክፍሎች ከሌሎቹ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጡ ናቸው፤ ጨረርና አንዳንድ ኬሚካሎችም የስሕተቱን ብዛት ይጨምራሉ። ዘፈቀደ የተባለው ለውጡ ፍጡሩ የሚያስፈልገውን ነገር አይቶ የማይመጣ በመሆኑ ነው። ይህ ነገር የፍልስፍና አቋም ብቻ ሊመስል ቢችልም፣ በ1952 ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤስተር ሌደርበርግ በአንድ ቁራጭ ከፋይ ጨርቅ በግልጽ አሳይተውታል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በተዘረጋ የረጋ ምግብ ላይ ባክቴሪያዎችን ዘርተው እስኪበዙ ድረስ ጠበቁ። ከዚያም ከጀርም የጸዳውን ከፋይ በሳህኑ ላይ እንደ ማኅተም ጫን አድርገው አነሡት፤ የጨርቁ ፀጉር ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ባክቴሪያ ይዞ ተነሣ። ይህንኑ ከፋይ ባክቴሪያ የሚገድለው ስትሬፕቶማይሲን መድኃኒት በተቀላቀለባቸው ሌሎች ሳህኖች ላይ በተራ አተሙት፤ በዚህም የመጀመሪያው ሳህን ትክክለኛ ግልባጭ በእያንዳንዱ ላይ ዐረፈ። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ሲያገኙ በችግሩ ተገደው የሚለወጡ ቢሆን ኖሮ፣ የሚተርፉት በየሳህኑ በተለያየ ቦታ ብቅ ባሉ ነበር። የታየው ግን በሁሉም ሳህን ላይ በአንድ ዓይነት ቦታ መብቀላቸው ነው። ከዚህም በላይ ተመራማሪዎቹ ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው ከዚያው ቦታ መድኃኒት አይተው የማያውቁትን ባክቴሪያዎች ሲወስዱ፣ በእነሱም መካከል ተቋቋሚዎቹን አገኙ። መድኃኒቱ ማንንም አልለወጠም፤ ሌሎቹን ገደለና ቀድሞውኑ የነበሩትን ብቻቸውን አስቀራቸው። አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ ሲወሰድ መድኃኒት የማይበግራቸው ጀርሞች የሚበዙትም በዚሁ መንገድ ነው። የተለማመደው የሰውየው ገላ ነው የሚለው በሰፊው የተለመደ አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ የተለወጠው የጀርሞቹ ስብስብ ነው።

ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ትውልድ ስለሚተካ ሂደቱን በእሱ ላይ ማየት ይቀላል። በወፎች ላይ ለማየት ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፒተር ግራንትና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከ1973 ጀምሮ በጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል በምትገኘው ዳፍኒ ሜጀር በተባለች ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት እየተመላለሱ፣ ፊንች የተባሉትን ወፎች እየያዙ የምንቃራቸውን ርዝመትና ውፍረት ለኩ፣ በእግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት አሰሩ፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነም መዘገቡ። ደሴቷ ትንሽ መሆኗ ጠቀማቸው፤ ከወፎቹ ውስጥ ያልተመዘገበ ጥቂት ነበር።

በ1977 ዝናቡ ቀረ። ወፎቹ መጀመሪያ ለስላሳዎቹንና ትንንሾቹን ፍሬዎች ለቅመው ጨረሱ፤ የቀረው በአብዛኛው እሾኻማና ጠንካራ ቅርፊት ያለው ትልልቅ ፍሬ ነበር። ይህን ፍሬ ጨምቆ ለመስበር ወፍራም ምንቃር ያስፈልጋል፤ ምንቃሩ ቀጠን ያለው ወፍ ሞክሮ ትቶት ይሄዳል። መካከለኛው የምድር ፊንች ከተባለው ዝርያ ከመቶው 85 ያህሉ አለቁ። ከድርቁ የተረፉት ወፎች ሲለኩ አማካይ የምንቃር ውፍረታቸው ከድርቁ በፊት ከነበረው አማካይ በግማሽ ሚሊሜትር ያህል በልጦ ተገኘ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል፤ የአንዲትም ወፍ ምንቃር አልወፈረም። እያንዳንዷ ወፍ በድርቁ መጨረሻ የነበራት ምንቃር በድርቁ መጀመሪያ የነበራት ነው። አማካዩ ከፍ ያለው ምንቃራቸው ቀጭን የሆነው በብዛት ስለሞቱ ብቻ ነው። የምንቃር ውፍረት በአብዛኛው የሚወረስ በመሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶች ሲያድጉ ምንቃራቸው ከድርቁ በፊት ከነበረው ትውልድ ወፈር ያለ ሆነ። ምርጫው በ1977 ተካሄደ፤ ዝግመተ ለውጥ ሊባል የሚችለው ግን በ1978ቱ ጫጩቶች ላይ የታየው ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ ወፎቹ ወደ ተሻለ ደረጃ እያደጉ ነው ብሎ የሚደመድም አይጠፋም ነበር። በ1983 ግን ኤልኒኞ ያመጣው ያልተለመደ ከባድ ዝናብ ደሴቷን በሐረጋት አለበሳት፤ ትንንሽ ፍሬ የሚሰጡት ተክሎች በዙ፣ ትልልቁን ፍሬ የሚሰጡትም ተሸፈኑ። ከዚያ በኋላ ደረቅ ጊዜ ሲመጣ የተጠቀሙት ትንሽ ምንቃር ያላቸው ወፎች ነበሩ፤ አማካዩም ወደ ኋላ ተመለሰ። ወፍራሙ ምንቃር በራሱ የተሻለ አልነበረም፤ በአንድ ወቅት ለነበረ ፍሬ የተሻለ ነበር እንጂ።

ተፈጥሯዊ ምርጫን ኃይለኛው ደካማውን የሚበላበት ሕግ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ሲሆን፣ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት ያደረሰው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። የሚቆጠረው ጡንቻ ሳይሆን የሚተካው ልጅ ብዛት ነው። በሞዛምቢክ በሚገኘው የጎሮንጎሳ ብሔራዊ ፓርክ ከ1977 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ተዋጊዎች ለጥርሳቸው ሲሉ ዝሆኖችን ስለጨፈጨፉ፣ ከፓርኩ ዝሆኖች ከመቶ 90 የሚበልጡት አለቁ። ከጦርነቱ በፊት ጥርስ ሳያወጡ የሚያድጉ ሴት ዝሆኖች ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከጦርነቱ ከተረፉት ሴቶች ግን ግማሽ ያህሉ ጥርስ አልባ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ ይህንኑ ወረሱ። ዝሆን በጥርሱ ውኃ ይቆፍራል፣ የዛፍ ቅርፊት ይልጣል፣ ራሱን ይከላከላል፤ ጥርስ አልባዋ ዝሆን በማንኛውም ሌላ መለኪያ የተጎዳች ናት። ጥይት በበዛበት ዘመን ግን አዳኙ የማይፈልጋት እሷን ነበር። በ2021 የታተመው ጥናት እንደሚያመለክተው ለዚህ ባሕርይ ምክንያት የሆነው ለውጥ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም (ሴቶች ሁለት፣ ወንዶች አንድ ብቻ በሚይዙት የዲኤንኤ ጥቅል) ላይ ሲሆን፣ የሚወርሱት ወንድ ጽንሶች ሳይወለዱ የሚሞቱ ይመስላል። ጥርስ አልባ ወንድ ዝሆን በፓርኩ የማይታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ባሕርይ በአንድ በኩል እየጠቀመ በሌላ በኩል የሚጎዳበት ሁኔታ ብርቅ አይደለም። ሲክል ሴል የተባለው ከባድ የደም በሽታ የሚመጣው በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው በሄሞግሎቢን ዘረመል ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ በመለወጡ ነው። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ይታመማል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ግን በአመዛኙ ጤነኛ ከመሆኑም በላይ ከከባድ ወባ በከፍተኛ ደረጃ ይጠበቃል። ወባ በሚበዛባቸው የዓለም ክፍሎች ይህ ዘረመል ሳይጠፋ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ለውጥ በምርጫ የሚመጣ እንዳልሆነም መጥቀስ ተገቢ ነው። በትንሽ ስብስብ ውስጥ አንድ ባሕርይ በአጋጣሚ ብቻ ሊበዛ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ለምሳሌ ያንን ባሕርይ የያዙት ሁለት እንስሳት ብቻ ሆነው ሁለቱም ጎርፍ ከወሰዳቸው አሥር እንስሳት መካከል ከነበሩ ባሕርዩ ይጠፋል። አንድ ስብስብ በተራራ፣ በባሕር ወይም በሌላ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ለረጅም ጊዜ ሳይገናኝ ሲቆይ ደግሞ፣ ምርጫውም አጋጣሚውም በየወገኑ የተለያየ መንገድ ስለሚይዝ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ ተራብተው ፍሬያማ ልጅ ሊያፈሩ የማይችሉበት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ። አዲስ ዝርያ የሚፈጠርበት ዋናው መንገድ ይህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ሩቅ ነው፤ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ዛሬ የተለያዩት ዝርያዎች በጋራ ቅድመ አያቶች ላይ ይገናኛሉ። ሰው ከዛሬው ቺምፓንዚ መጣ የሚል ሳይንቲስት የለም፤ ሁለቱ ከስድስትና ሰባት ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከነበረ የጋራ ቅድመ አያት የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ያም ቅድመ አያት ከሁለቱም የተለየ ነበር። ማስረጃው ከቅሪተ አካላት ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን በጉበታቸው ውስጥ ያመርታሉ። ሰው ይህን አይችልም፤ ለማምረት የሚያስፈልገው ዘረመል ግን በዲኤንኤው ውስጥ ተበላሽቶ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ይኸው ዘረመል በቺምፓንዚና በሌሎች የቅርብ ዘመዶቻችንም ላይ ተበላሽቶ ይገኛል፤ ከብልሽቶቹ ብዙዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ጊኒ ፒግም ቫይታሚኑን አያመርትም፤ የእሱ ዘረመል ግን የተበላሸው በሌላ አኳኋን ነው። አንድ ስሕተት በሁለት ጽሑፎች ላይ በአንድ ቦታ ሲደገም፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ መገልበጣቸውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የቀጭኔን አንገት በሌላ ዐይን ማየት የሚቻለውም እዚህ ላይ ነው። ከአንጎል ወደ ማንቁርት የሚሄድ አንድ ነርቭ አለ፤ የቀጭኔ ማንቁርት ከአንጎሏ ብዙም አይርቅም። የግራው ነርቭ ግን ቀጥታ አይሄድም። አንገቱን በሙሉ ወርዶ ደረቷ ውስጥ ይገባል፣ ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ ሥር ይዞራል፣ ከዚያም አንገቱን በሙሉ ተመልሶ ይወጣል፤ በአዋቂ ቀጭኔ ላይ የጉዞው ርዝመት ከአራት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በሰውም ላይ ነርቩ እንዲሁ ይዞራል፣ አንገታችን አጭር ስለሆነ ርዝመቱ አይጎላም እንጂ። በዓሣ ላይ የዚህ ነርቭ አቻ ወደ ስንጥቡ በአጭር መንገድ ይደርሳል፤ ከደም ቧንቧው በስተኋላ ማለፉ ምንም አያስረዝመውም። ከዓሣ መሰል ቅድመ አያቶች በወረዱት እንስሳት ላይ አንገት ሲረዝምና ልብ ወደ ደረት ሲወርድ፣ ነርቩ በቧንቧው እንደተጠለፈ አብሮ ተጎተተ። ምርጫ የሚሠራው ባለው ነገር ላይ ጥቂት በመጨመርና በመቀነስ ብቻ ስለሆነ፣ ነቅሎ እንደገና የመትከል አማራጭ የለውም።

ሐሳቡ ያለፈውን ከማብራራት አልፎ ገና ያልተገኘውን ለመተንበይም ያገለግላል። ባለ አራት እግር እንስሳት የወረዱት ከዓሣ ከሆነና በ390 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ዐለቶች ውስጥ ዓሣ ብቻ፣ በ365 ሚሊዮኖቹ ውስጥ ደግሞ ባለ እግሮቹ የሚታወቁ ከሆነ፣ መካከለኛው በመካከለኛው ዕድሜ ዐለት ውስጥ መፈለግ አለበት። ኒል ሹቢንና ባልደረቦቹ ይህን ዕድሜ ያላቸውን ዐለቶች በካርታ መርጠው በካናዳ አርክቲክ በሚገኘው የኤልስሚር ደሴት ለዓመታት ሲቆፍሩ ቆዩ፤ በ2004 ዕድሜው 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነውን ቲክታሊክን አገኙ። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ነው፤ በክንፉ ውስጥ ግን የክንድና የእጅ አንጓን አጥንቶች የሚመስሉ አጥንቶች አሉት፣ ጭንቅላቱንም ከትከሻው ለይቶ ማዞር ይችል ነበር።

አጋጣሚና ምርጫ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 የጀመረው ሙከራ ነው። ከአንድ ዓይነት ኢ ኮላይ ባክቴሪያ የተነሡ 12 ስብስቦች በ12 ጠርሙሶች ውስጥ ተቀመጡ፤ በየቀኑ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ መቶኛው ወደ አዲስ ምግብ ይዛወራል፣ በየ500 ትውልዱም ናሙና ተወስዶ በበረዶ ይቀመጣል። በምግቡ ውስጥ ከጥቂት ግሉኮስ ሌላ ሲትሬት የተባለ ውሕድ በብዛት አለ፤ ኢ ኮላይ ግን ኦክስጅን ባለበት ሲትሬትን መመገብ አይችልም። ከ33,000 ያህል ትውልዶች በኋላ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በድንገት ደፈረሰ፤ ባክቴሪያዎቹ ሲትሬቱን መብላት ጀምረው በእጅጉ በዝተው ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚያው ስብስብ በየዘመኑ በበረዶ የተቀመጡትን ናሙናዎች አንሥተው ታሪኩን ደግመው ደጋግመው እንደ አዲስ አስጀመሩት። ችሎታው እንደገና ብቅ ያለው ከ20,000ኛው ትውልድ ወዲህ በተወሰዱት ናሙናዎች ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ቅድመ አያቶች በትሪሊዮኖች እየተቆጠሩ ቢፈተኑም አልቻሉም፤ በመካከሉ የተከሰተ፣ ሲከሰት ማንም ያላስተዋለው ለውጥ መንገዱን ቀድሞ ከፍቶት ነበር።